እህታችን በወለደች ዕለት ሕይወቷ አለፈ፤ ቤተሰቡ በሕግ ምን መጠየቅ ይችላል?

ወንድሟ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ሕግ የምታውቁ፣ በሕክምና ሙያ ላይ ያላችሁ ወይም ተመሳሳይ ሐዘን የደረሰባችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የ29 ዓመት ታናሽ እህቴ ከሰባት ወር በፊት እዚሁ ድሬዳዋ በሚገኝ አንድ የግል የጤና ተቋም በቀዶ ሕክምና ሁለተኛ ልጇን ከተገላገለች በኋላ በዚያው ዕለት ሌሊት አረፈች። ሕፃኗ ደኅና ናት፤ አሁን ከአምስት ዓመት ወንድሟ ጋር እናቴ ዘንድ ታድጋለች።

የሆነውን ባየነው ልክ ልንገራችሁ። ቀዶ ሕክምናው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አልቆ ሁሉም ነገር በሰላም እንደተጠናቀቀ ተነገረን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አጠገቧ የነበረችው እናቴ የተነጠፈላት ጨርቅ በደም መራሱን አይታ ለተረኛዋ ነርስ ስትነግራት፣ «ከወሊድ በኋላ ያለ ነው፣ አይጨነቁ» የሚል መልስ አገኘች። ጨርቁ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። አመሻሹ ላይ እህቴን ብርድ ብርድ አላት፣ ውኃ ደጋግማ ጠየቀች፣ ከንፈሯም ነጣ። እናቴ እንደምትለው ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ የደም ግፊቷን የለካ ሰው አልነበረም። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ከተቋሙ ወጥቶ ስለነበር በስልክ ተጠርቶ የደረሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሩጫ ሆነ፤ ወደ ሐረር ትሂድ ተብሎ አምቡላንስ ውስጥ ስትገባ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ እጇን ይዤ ነበር። ሐረር ስንደርስ የተቀበለን ሐኪም ሕይወቷ ማለፉን ነገረን።

በማግሥቱ ቀበርናት። ስለ አስከሬን ምርመራ ያነሣ ፖሊስም ሐኪምም አልነበረም፤ አንድ ዘመዳችን ነገሩን ሲያነሣ ደግሞ አባቴ «ልጄን ሁለተኛ አትቅደዱብኝ» ብለው ከለከሉ፤ እኔም በዚያ ሰዓት ልቃወማቸው አልቻልኩም።

በአርባዋ ሰሞን የተቋሙ ኃላፊ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤት መጥተው ለሕፃኗ ማሳደጊያ 100 ሺህ ብር ሊሰጡ እንደሚፈልጉ ገለጹ፤ በምላሹም ባለቤቷ «ከእንግዲህ በማናቸውም ሁኔታ ጥያቄ የለንም» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ጠየቁ። ባለቤቷ ባጃጅ እየነዳ የሚተዳደር፣ ከሐዘኑ ገና ያልወጣ ሰው ነው። እስካሁን አልፈረመም፤ ሽማግሌዎቹ ግን እየተመላለሱ ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የምንፈልገው በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ለእህታችን ምን እንደተደረገላትና ምን እንዳልተደረገላት ማወቅ ነው። ወደ ፖሊስ መሄድ ያለብን መሆኑን፣ ካሳ መጠየቅ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ የአስከሬን ምርመራ አለመደረጉ ነገሩን ዘግቶት እንደሆነና ያ ወረቀት ቢፈረም ምን እንደሚያስከትል ብታስረዱኝ ውለታችሁ ይኖርብኛል።

ጠበቃ (ከዚራ)

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በዚህ ከተማ በጥብቅና ሥራ ላይ እገኛለሁ። ሰነዶቹን ሳላይ የምሰጠው አስተያየት ጠቅላላ መሆኑን ተረድታችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት መዝገቡን አገላብጦ ከሚያይላችሁ የሕግ ባለሙያ ጋር እንድትመክሩ አሳስባለሁ።

ስለ ጊዜ ልጀምር፤ እኔ ዘንድ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች መብታቸውን ያጡት በይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ስላለፈባቸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2143 ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሱን ማቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ጉዳቱ የወንጀል ድርጊት ውጤት ከሆነና የወንጀል ሕጉ የበለጠ ረጅም የይርጋ ጊዜ ካስቀመጠለት ያ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ ከዚህም ሌላ የሕክምና ውል ነበረ በማለት ለውል የተቀመጠውን የአሥር ዓመት ይርጋ የሚጠቅሱ ጠበቆች አሉ። እነዚህ ግን በፍርድ ቤት ክርክር የሚነሣባቸው ነጥቦች ስለሆኑ፣ ለእናንተ ሁለት ዓመት ብቻ እንዳላችሁ አድርጋችሁ ቁጠሩ። ሰባት ወሩ አልፏል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሳሹ ማን ነው የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ይህን ስነግርህ ቅር እንዳይልህ፤ የሞተ ሰው በሚኖርበት ጊዜ በአንቀጽ 2095 መሠረት ለደረሰባቸው ቁሳዊ ጉዳት በራሳቸው ስም ካሳ መጠየቅ የሚችሉት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች ናቸው። ወንድምና እህት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ክሱን የሚያቀርቡት ባለቤቷ ለራሱና ለሁለቱ ልጆች ሞግዚት ሆኖ፣ እንዲሁም አባትህና እናትህ ይሆናሉ። ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነውና ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ለልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት ሆኖ ይቀጥላል። አንተ ማስረጃ በማሰባሰብ፣ ምስክር በመሆንና በውክልና ጉዳዩን በመከታተል ቤተሰቡን ትረዳለህ።

ካሳው የሚሰላው በቀለብ መልክ ነው። ሕጉ ሟቿ በሕይወት በነበረችበት ጊዜ ለጠያቂው በተግባር ቀለብ ትሰጥ ነበር ወይ ብሎ አይገድብም። ገቢዋን ማሳየት ግን ያስፈልጋል። እህትህ ትሠራ የነበረችው ምን እንደሆነ አልገለጽክም፤ ነጋዴ ከነበረች ንግድ ፈቃዷን፣ የግብር ደረሰኟን፣ የባንክ እንቅስቃሴዋን፣ የዕቁብ ደብተሯን ሳይቀር ሰብስቡ፤ ጎረቤት ነጋዴዎችም ይመሰክራሉ። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኞች በአንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ፍርዳቸው፣ ይወስናሉ። የሕክምናና የቀብር ወጪ ደረሰኞችም አይጣሉ። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ቁጥር ከተጻፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለደንበኞቼ ባነበብኩላቸው ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ፤ ሕግ አውጪው እስኪለውጠው ድረስ ግን ዳኛው የታሰረበት ገደብ ነው። ስለዚህ የክሱ ክብደት በቀለቡ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ።

ተከሳሹን በሚመለከት፣ የጤና ተቋሙ በቀጠራቸው ባለሙያዎች ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ስለሚሆን ሐኪሙንም ተቋሙንም በአንድነት መክሰስ ይቻላል። ሕይወቷ ያለፈው ሐረር ቢሆንም ጥፋት የተባለው ድርጊት የተፈጸመው እዚህ ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚዳኙባት ከተማ በመሆኗ፣ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ ክስ እዚሁ በሚያስችለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ማስረዳት ያለባችሁን አትሳቱ። መሞቷ ብቻውን ጥፋት መኖሩን አያሳይም፤ ሐኪም ፈውስን አይዋስም። አንቀጽ 2031 የሚጠይቀው ባለሙያው የሙያውን የታወቀ ሥርዓት ጥሶ ግዴታውን ችላ ማለቱን ነው። ከጻፍከው ውስጥ ለዳኛ ክብደት የሚኖረው፣ ደም እየፈሰሰ መሆኑ ከተነገረበት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ክትትል አለመደረጉ ነው። ይህ በሕክምና መዝገቡና በባለሙያ አስተያየት መረጋገጥ አለበት።

ወንጀሉን በሚመለከት፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እንደ ሐኪም ያለ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። ለፖሊስ ማመልከት መብታችሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው። በወንጀሉ ነጻ ቢባሉ እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔር ችሎቱ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም፤ ስለዚህ የወንጀሉን ውጤት ስትጠብቁ ሁለቱ ዓመት እንዳያልፍባችሁ።

ስለ ወረቀቱ አጭሩን ልንገርህ፤ አይፈረም። የእርቅ ውል በአንቀጽ 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሽማግሌ መቀበል የአገራችን ወግ ነውና ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ነገር ግን መዝገቡን ሳታዩ፣ የሁለቱ ልጆች የዓመታት ቀለብ ስንት እንደሚሆን ሳታሰሉና የልጆቹን ድርሻ ፍርድ ቤት ሳያውቀው ምንም አትፈርሙ። እርቁ ቢፈጸም እንኳ የወንጀሉን ጉዳይ አያስቀረውም፤ ወንጀሉ የመንግሥት ጉዳይ ነው።

አዋላጅ ነርስ (ሐረር)

ለቤተሰቡ መጽናናትን እመኛለሁ። በዚህ ሥራ ላይ 14 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ያለ ባልደረቦቼ ጥፋት ሕይወታቸው ያለፈ እናቶችን አይቻለሁ፤ በክትትል ጉድለት ያጣናቸውንም አይቻለሁ። ሁለቱን የሚለየው በየሰዓቱ የተሞላው ወረቀት ስለሆነ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ላመልክታችሁ።

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ በዓለምም በአገራችንም ለእናቶች ሞት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህም የትኛውም የወሊድ አገልግሎት ሰጪ አስቀድሞ ሊዘጋጅበት የሚገባ ነገር እንጂ ድንገተኛ ዱብዕዳ አይባልም። እናትየው ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የደም ግፊቷና የልብ ምቷ በየ15 ደቂቃው መታየት አለበት፤ ከዚያ በኋላም ክትትሉ እየተራራቀ ይቀጥላል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት 1,000 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሳት አደጋ ነው። የማሕፀን መኮማተርን የሚያግዘው ኦክሲቶሲን ይሰጣል፤ ከ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ደም ለሚፈሳት እናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም የሚገታ መድኃኒት 1 ግራም መውለድ ከተጠናቀቀ በሦስት ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። ብርድ ብርድ ማለት፣ ጥማትና የከንፈር መንጣት እናትህ በዓይናቸው ያዩዋቸው፣ ብዙ ደም ከመፍሰሱ የተነሣ ሰውነት የሚዳከምበት አደጋ (ሾክ) ምልክቶች ናቸው። እማማ ያዩትን ሁሉ፣ ሰዓቱን ጭምር፣ ሳይረሱት ዛሬውኑ ይጻፍላቸው።

ስለዚህ ካርዷን በደፈናው ብቻ አትጠይቁ። የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ፣ የማደንዘዣው ቅጽ፣ ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የመሳሰሉት) የሚሞላበት ወረቀት፣ የነርሶች ማስታወሻ፣ መድኃኒት የተሰጠበት ቅጽ፣ ደም ተጠይቆ ከሆነ የመጠየቂያው ወረቀትና ሰዓቱ፣ እንዲሁም ከእናንተ ጋር ወደ ሐረር የመጣው የሪፈር ወረቀት እያንዳንዱ በስሙ ይጠየቅ። የሪፈሩ ወረቀት ቅጂ ተቀባዩ ሆስፒታል ውስጥም ስለሚቀመጥ ከሁለቱም ቦታ ጠይቃችሁ አስተያዩ፤ ሰዓቶቹ ካልተገጣጠሙ ለምን እንዳልተገጣጠሙ የሚመልስ ሰው ሊኖር ይገባል።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት የእያንዳንዷን እናት ሞት ይመረምራል፤ ነገር ግን ዓላማው ከስሕተት መማር ስለሆነ ስም ሳይጠራና ወቃሽ ሳይሆን ይሠራል፤ ለክስ ማስረጃ እንዲሆን የተዘጋጀ አይደለም። ለእናንተ የሚሆነው የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። በጤና ሚኒስቴር ሥር አለ፤ በየክልሉና በከተማ አስተዳደሮችም የጤና ቁጥጥር አካላት ቅሬታ ይቀበላሉ። ኮሚቴው መዝገቡን ከተቋሙ አስመጥቶ በባለሙያ ያስመረምራል፤ ባለሙያውን ማስጠንቀቅ፣ ፈቃዱ እንዲታገድ ወይም እንዲሰረዝ ማድረግ የሚያስችል የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ፖሊስና ፍርድ ቤትም የሙያ አስተያየት ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ወደዚያው ነው።

ስለ አስከሬን ምርመራ አባትህን አትውቀሱ። ከሰባት ወር በኋላ መቃብር ተከፍቶ ቢመረመር እንኳ እንዲህ ያለ የደም መፍሰስ በግልጽ ይታያል ብዬ አላስብም፤ ከዚህ የሚያረጋጋ ነገር ባገኝላቸው ደስ ባለኝ፤ ግን እውነቱ ያ ነው። አሁን የሚናገረው መዝገቡ ነው።

የጁገል ልጅ (ሐረር)

አላህ ለእህታችሁ ይዘንላት፣ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ።

እኛ አባታችንን ያጣነው በአንድ የመንግሥት የጤና ተቋም ውስጥ ነው። የማይስማማቸው መድኃኒት በካርዳቸው ላይ ተጽፎ ሳለ በመርፌ ተሰጣቸውና በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ። እንደ ሥርዓታችን በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርናቸው፤ አፎቻው (እንደ ዕድር ያለው የሐረር መረዳጃ ማኅበር) ተሰብስቦ ሳለ ስለ ምርመራ የሚያስብ ሰው አልነበረም። የእኛን ጉዳይ ያዳነው ታላቅ ወንድሜ በዚያ ትርምስ ውስጥ የካርዱን ገጽ በስልኩ ፎቶ ማንሣቱ ነው፤ በኋላ ስንጠይቅ ካርዱ ለሁለት ወር «ጠፍቷል» ሲባል ቆይቶ ፎቶው ሲቀርብ ተገኘ።

ቅሬታችንን ለኮሚቴ አቅርበን መልስ ለማግኘት 11 ወር ፈጀ። ውሳኔው መድኃኒቱን የሰጠው ባለሙያ ፈቃዱ ለስድስት ወር እንዲታገድ ነበር። ኮሚቴው ካሳ አይወስንም፤ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ቅሬታችን እየታየ ስለሆነ ይርጋው የቆመ መስሎን ነበር፤ የተመለከተልን ጠበቃ ግን በዚያ እንዳንተማመን ነግሮን ክሱን ያስገባነው በ22ኛው ወር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሌሊቶች እንዴት እንዳሳለፍናቸው እኛ ነን የምናውቀው።

የእናታችንንና የልጆቹን ወራሽነት ያረጋገጥነው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው፤ የካሳው ክስ ግን የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የኮሚቴውን ውሳኔ በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበትን፣ ተቀብላችሁ ያዙ። ዳኛው የእኛን ጉዳይ ሲያይ በመጀመሪያ የጠየቀው እርሱን ነበር። በመጨረሻ በችሎት ተስማማን፤ ስምምነቱም በዳኛ ፊት ተመዘገበ። ከገንዘቡ ይልቅ ለእናቴ ዕረፍት የሰጣት የተቋሙ ኃላፊ ቆመው ስሕተት መፈጸሙን በአንደበታቸው መናገራቸው ነው። ሽማግሌ የሚልኩባችሁ ሰዎች ይህን ለመናገር ፈቃደኛ መሆናቸውን ብትጠይቋቸው መልካም ይመስለኛል።

ወንድሟ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁም የጻፋችሁትን ለባለቤቷ አነበብኩለት፤ ለእናቴ ደግሞ አዋላጇ የጻፉትን ብቻ፣ ቀስ ብዬ። እናቴ ስለ ጥማቱና ስለ ብርዱ ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና፣ «እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር» አለች። ሰዓቶቹን በሙሉ ታስታውሳለች፤ የዐሥራ አንድ ሰዓቱ ደወል ሲደወል ጨርቁ ለሁለተኛ ጊዜ እንደተቀየረ ሳይቀር ነግራኝ ጽፌዋለሁ።

ጠበቃ ለጠየቁት፣ እህቴ አሸዋ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሸጥ ነበር። ንግድ ፈቃድ አላት፤ የዕቁብ ደብተሯም ተገኝቷል። ሁለት ነገር ግን ልጠይቅ። ተቋሙ መዝገቡን አንሰጥም ቢለን ምን እናደርጋለን? የጁገሏ እህታችን አባቷን ያጣችበት ተቋም የመንግሥት እንደመሆኑ፣ የግልና የመንግሥት ልዩነትስ አለ?

ጠበቃ (ከዚራ)

ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ባለቤቷ ይፈርም፣ የጋብቻ ማስረጃና የሞት ማስረጃ ይያያዝ፣ አዋላጇ የዘረዘሯቸው ወረቀቶች በስም ይጠቀሱ፤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ አስቀምጦ ለእናንተ ይመለስ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላኩት። ከዚያ በኋላ ባይሰጡም ክስ ሲመሠረት ፍርድ ቤቱ መዝገቡን እንዲያስቀርቡ ያዝዛል፤ በእጃችሁ ያለው ፊርማ ደግሞ መዝገቡ በዚያ ቀን ተጠይቆ እንደነበር ያሳያል።

የመንግሥት ተቋም ሲሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 መሠረት ጥፋቱ ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን የፈጸመው የሥራ ጥፋት ከሆነ ካሳው ከመንግሥትም ሊጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም ከፍሎ ወደ ሠራተኛው ሊመለስ ይችላል። የእናንተ የግል ስለሆነ በአሠሪና በሠራተኛ ኃላፊነት በኩል ትሄዳላችሁ። የዕቁብ ደብተሩን ፎቶ አንሥታችሁ ዋናውን አስቀምጡ፤ የዕቁቡ ሰብሳቢም ለምስክርነት ከአሁኑ ይነገራቸው።

ወንድሟ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ደብዳቤው ተጽፏል፤ ባለቤቷ ዛሬ ማታ ፈርሞበታል። ለሽማግሌዎቹም መዝገቡ ሳይታይ እንደማንነጋገር፣ ሲታይ ግን በራችን ክፍት መሆኑን አባቴ ራሳቸው ሊነግሯቸው ፈቅደዋል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ባለቤቷ ወደ ተቋሙ እንሄዳለን፤ ከዚያም የሪፈሩን ቅጂ ለመጠየቅ ወደ ሐረር እንወጣለን።